ባለጉዳይ የት ያድር ነበር?



የዛሬው ንግግራችን ስለ ነገሥታት ዘመቻ ወይም ስለ ታላላቅ ሰዎች ትውልድ አይደለም። ባለጉዳይ ስለሚባለው ሰው ነው። ይህ ሰው ከአገሩ ተነሥቶ፣ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ መስኮት ፊት ሲቆም በየዕለቱ ታዩታላችሁ። ምን እንደሚፈልግ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ። ትናንት ማታ የት እንዳደረና ዛሬ ጧት ምን እንደበላ ግን ማንም አይጠይቀውም፤ በመዝገቡም ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የጉዳዩን መጨረሻ የሚወስነው ይኸው ያልተጻፈው ነገር ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባን ታሪክ አንድ ጊዜ ከባለጉዳዩ ማደሪያና ከገበታው በኩል እንመልከተው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ግርጌ፣ በፍልውሃው አጠገብ ስትቆረቆር ከተማ ከመሆኗ በፊት ሰፈር ነበረች። ሰፈር የምንለው ቃል ራሱ የጦር ቃል ነው፤ ሠራዊት ድንኳኑን ተክሎ የሚያርፍበት ማለት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመካከል፣ መኳንንቱም ተከታዮቻቸውን ይዘው በዙሪያ ሰፈሩ። የራስ መኰንን ሰፈር፣ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር እያልን እስከ ዛሬ የምንጠራቸው ስሞች የቀሩት ከዚያ ነው። በእንዲህ ያለችው ከተማ ውስጥ በገንዘብ የሚከራይ አልጋ አይፈለግም ነበር። ከአንድ አውራጃ የመጣ ሰው ያገሩ ገዥ ወዳለበት ሰፈር ሄዶ፣ የሚያውቀውን አሽከር ወይም ዘመድ አስጠርቶ፣ ከአጥሩ ውስጥ አንድ ጥግ ያገኛል። በቅሎውም እዚያው ሣር ይጣልለታል። የበቅሎን ነገር ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ ዘመን መንገደኛ ከራሱ ራት በፊት የሚያሳስበው የበቅሎው ራት ነበርና።

በመንገድ ላይ ሳለማ ልማዱ የታወቀ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ካገኘው ደጃፍ ቆሞ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል» ይላል። ባለቤቱም እግሩን አሳጥቦ፣ ያለውን አቅርቦ ያሳድረዋል። ይህን ስንናገር ግን ሁሉም በፈቃድና በደስታ ይደረግ ነበር ብለን እንዳናሳምር ያስፈልጋል። የመንግሥት መልእክተኛና የንጉሥ እንግዳ ሲያልፍ ድርጎ የሚባል ቀለብ ከየመንደሩ ይታዘዝለት ነበር። በጉንም፣ እንጀራውንም፣ ማሩንም የሚያወጣው ባላገሩ ነው። እንግዳው አመስግኖ ያልፋል፤ ጎተራው የጎደለበት ሰው እዚያው ይቀራል። በውጭ አገር ሰዎች የጉዞ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ መስተንግዶ ከተነገረው ምስጋና ውስጥ ከፊሉ ለባላገሩ ይገባው የነበረ ነው።

ወደ ባለጉዳያችን እንመለስ። ከአገሩ ሲነሣ ስንቁን በስልቻ ይዞ ይነሣል፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ። ሚስቱ ወይም እናቱ ስታዘጋጅለት የምትገምተው የመንገዱን ቀን ነው። የመንገዱን ቀን ማንም ያውቀዋል፤ የደጅ ጥናቱን ቀን ግን የሚያውቅ የለም። ደጅ ጥናት ማለት በጌታ ደጅ ቆሞ፣ ጧት ሲወጣ ማታ ሲገባ እጅ እየነሡ፣ ዐይኑ እስኪያርፍብን ድረስ መጠበቅ ነው። ሳምንት ሊሆን ይችላል፤ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ስልቻው ባዶ የሚሆነው ግን በራሱ ጊዜ ነው።

ስልቻው ባዶ ሲሆን የሚቀረው ግብር ነው። በታላቁ ቤተ መንግሥት በአዳራሹ በሚደረገው ግብር፣ መኳንንቱ በየማዕርጋቸው ከበሉ በኋላ ወታደሩና ሌላውም ሰው በየተራው እየገባ፣ እንጀራውን፣ ወጡን፣ ብርንዶውን ይበላል፤ ጠጁንም ይጠጣል። በአንድ ቀን የሚስተናገደው ሰው በሺህ የሚቆጠር ነበር። መኳንንቱም በየቤታቸው እንደ አቅማቸው ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ይህ ሁሉ ምግብ ነጻ ነበር ብንል ግን ስሕተት ነው። ዋጋው በገንዘብ የማይከፈል ነበር እንጂ ዋጋ ነበረው፤ ያጎረሰ ጌታ የጎረሰውን ሰው የእኔ ነው ይላል።

እዚህ ላይ፣ ክቡራን አንባብያን፣ ጥቂት ቆም ብለን እንድናስብ እፈልጋለሁ። ያ ባለጉዳይ የመጣው ርስቱን የነጠቀውን ጎረቤቱን ሊከስ ከሆነ፣ ያገሩ ገዥ ሰፈር ማደሩ ይጠቅመዋል። ሰው ያገናኘዋል፤ ዋስ ይሆንለታል። በዚያ ዘመን ዋስ ያልጠራ ሰው ሙግት ሊገጥም አይችልም ነበርና፣ በከተማው ውስጥ የሚያሳድር ዘመድ ማግኘት ማለት ብዙውን ጊዜ ዋስም ማግኘት ማለት ነበር። ነገር ግን የመጣው ገዥውን ራሱን ሊከስ ከሆነስ? የተከሳሹን እንጀራ እየበላ፣ በተከሳሹ አጥር ውስጥ እያደረ፣ ጧት ተነሥቶ «በደለኝ» ብሎ ሊጮህ አይችልም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው የቀረው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ በደጀ ሰላሙ ወይም በግንቡ ጥግ ከነዳያንና ከቆሎ ተማሪዎች ጋር ኩታውን ተከናንቦ ያድራል። ወይም ደግሞ የገዥው ባላንጣ ከሆነ ጌታ ሰፈር ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ግን ጉዳዩ የእርሱ መሆኑ ይቀርና የሁለት መኳንንት ጠብ መሣሪያ ይሆናል። ማደሪያ የሌለው ሰው ፍርድ ለማግኘት የነበረበት ችግር ይህን ያህል ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የቁራኛ ማደሪያ ነው። ባለ ገንዘብና ባለ ዕዳ ጉዳያቸው እስኪቆረጥ ድረስ ልብስ ለልብስ ታስረው ወይም በሰንሰለት ተቆራኝተው በየመንገዱ ይሄዱ ነበር። የሚሄዱት አብረው፣ የሚበሉት አብረው፣ የሚተኙትም አብረው ነው። ለእነዚህ ሁለት ሰዎች ማደሪያ የሚሰጥ ዘመድ የአንዱ ወገን ከሆነ፣ ሌላውን ጠላቱንም አብሮ ማሳደር ነበረበት።

አሁን ወደ ገንዘቡ ነገር እንምጣ። ምግብ ሸጦ መብላት በቀድሞ ሰዎች ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ጠላና አረቄ ይሸጥ ነበር፤ ይህም በአብዛኛው ኑሯቸውን በእጃቸው ያቆሙ ሴቶች ሥራ ነው። ነገር ግን እንጀራን በገንዘብ መስጠት ከእግዚአብሔር እንግዳ ዋጋ እንደ መቀበል ያለ ነገር መስሎ ይታይ ነበር። ከነውሩም ሌላ የሚያስቸግር ነገር ነበረ፤ እርሱም ዝርዝር ገንዘብ ነው። ጠገራው ብር፣ ማለት የማርያ ቴሬዛው፣ ለበግና ለበቅሎ መግዣ የሚሆን ከባድ ገንዘብ ነው፤ ለአንድ ጊዜ ምሳ ማን ጠገራ ብር ይሰጣል? አሞሌ ጨውም ቢሆን ተሸክሞ የሚዞሩበት ነገር አይደለም። የዳግማዊ ምኒልክ ገንዘብ ከ1887 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ አላዱን፣ ሩቡንና ተሙኑን እያስከተለ ሲወጣ፣ የብር ግማሽ፣ የብር አራተኛና የብር ስምንተኛ በሰው እጅ መግባት ጀመረ። አንድ ሰው አንድ ሳህን ወጥ የሚገዛበት ገንዘብ ሲያገኝ ነው ምግብ ቤት የሚባል ነገር ሊኖር የሚችለው። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሳንቲሙ ሲጽፉ ስለ ንጉሡ መልክና ስለ አንበሳው ብዙ ይላሉ፤ ስለ ምሳው ግን እምብዛም አያነሡም።

እቴጌ ጣይቱ ብጡል ያሠሩት ሆቴል ለሕዝብ የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ለእኛ ለመንግሥት ሠራተኞች ሌላም ነገር ያስታውሰናል። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ አፈ ንጉሥ ነሲቡ በፍርድ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በጦር ተሾሙ፤ ሌሎቹም በየክፍላቸው። እንግዲህ መሥሪያ ቤቱና ሆቴሉ በአንድ ዓመት የተወለዱ እኩያሞች ናቸው ማለት ነው። ይህ ያጋጣሚ ነገር ቢሆንም የሚገባ አጋጣሚ ነው፤ ባለጉዳይን የሚያስመጣ ነገር ባለበት የሚያሳድረው ነገርም ሊኖር ይገባልና።

ሆቴሉ ሲጀመር ስለ ሆነው ነገር ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ወግ አለ፤ ዝርዝሩ ከተራኪ ተራኪ ይለያያል። ሰው መጀመሪያ እንደ ግብር መስሎት መጥቶ በላ ይባላል። ኋላ ግን የሚከፈልበት መሆኑን ሲሰማ ነውር ነው ብሎ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም ነገሩን ሰምተው መኳንንቱን ይዘው ሄደው በሉ፤ ሲጨርሱም ሒሳቡን አስጠርተው በሁሉ ፊት ከፈሉ፤ መኳንንቱም ከዚያ ወዲያ እየሄዱ እንዲበሉ አዘዙ። ንጉሥ ለበላው ምግብ ሲከፍል ማየት በዚያን ጊዜ እንዴት ያለ እንግዳ ነገር እንደ ነበረ ዛሬ ለመገመት ያስቸግራል። እኔ በበኩሌ ከወጉ ውስጥ ትልቁን ቁም ነገር የማገኘው በመክፈላቸው ላይ ነው። ዋጋውን ከፍሎ የበላ ሰው የማንም ሰው አይሆንምና፤ አስቀድመን ያነሣነው ገዥውን ሊከስ የመጣ ሰውም የሚያስፈልገው እንዲህ ያለ ቤት ነበር። የሚያሳዝነው ግን ይህ ሆቴል ለእርሱ አቅም የሚሆን አለመሆኑ ነው። የተሠራው ለውጭ አገር እንግዶችና ለታላላቅ ሰዎች ነበር።

የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ባቡሩ በቀን ብቻ ይሄድ ስለ ነበረ ከጅቡቲ የሚነሣ መንገደኛ በድሬ ዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር፤ በእነዚህም ቦታዎች ማደሪያና መመገቢያ ተቋቋመ። በለገሀርና በአራዳ ግሪኮች፣ አርመኖችና ሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ቡና ቤትና ማደሪያ ከፈቱ። በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት 23 ቀን ለተደረገው የዘውድ በዓል ከብዙ አገር መልእክተኞችና ጋዜጠኞች ሲመጡ በከተማው ውስጥ አልጋ ጠፋ። ከመጡት ጋዜጠኞች አንዱ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ ነበረ፤ በጻፈው መጽሐፍም ሹፈቱን አላስቀረም። ለእንግዳ ስለሚሆን ማደሪያ መንግሥት በብርቱ ያሰበው እንዲህ ባለ ጊዜ ነበር። ባለጉዳዩ ግን የዘውድ በዓልም ቢሆን ባይሆን እንደ ልማዱ በዘመድ ቤትና በደጀ ሰላም ያድር ነበር።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. ከተማውን በያዘ ጊዜ ሁለት ነገር አመጣ። አንደኛው መለያየት ነው። ለኢጣሊያውያን የተለየ ሰፈር፣ የተለየ ምግብ ቤት፣ የተለየ ሲኒማ አደረገ፤ ያገሩ ሰው ገበያም ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ቦታ ተወሰደ። ሰው በገዛ አገሩ ገንዘብ ይዞ እንኳ የማይገባበት ቤት ያየው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛው ቃል ነው። አልቤርጎ የሚለው የኢጣሊያ ቃል በእኛ አፍ ቤርጎ ሆነና ቀረ፤ «ቤርጎ ያዝኩ» ስንል ወራሪው ከወጣ ሰማንያ ዓመት በላይ ካለፈው በኋላም ቃሉን እናስታምመዋለን። ፓስታውንም እንዲሁ። አማርኛው ደግሞ በበኩሉ «አልጋ አለ?» ይላል። አልጋ ማለት ዙፋን ማለትም ነው፤ አልጋ ወራሽ የምንለው ከዚያ ነው። በአውቶቡስ ተራ ጓሮ ለአንድ ሌሊት ለሚከራይ ሽቦ አልጋና ለንጉሥ ዙፋን አንድ ቃል መስጠታችን የቋንቋችን ቸርነት ይመስለኛል።

ከ1933 ዓ.ም. በኋላ አዲስ አበባ በእውነት የባለጉዳይ ከተማ ሆነች። መሥሪያ ቤቶች በዙ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ የዙፋን ችሎት፣ ሚኒስቴሩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ እዚህ ሆነ። አውቶቡስና የጭነት መኪናም በየአውራ ጎዳናው ሰውን ያመጣ ጀመር። ከሐምሌ 1937 ዓ.ም. ጀምሮ ብሩ በመቶ ሳንቲም ተከፍሎ ስለ ወጣ ስሙኒና ሽልንግ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ገቡ። ርካሽ ማደሪያ የት እንደሚበቅል ለማወቅ የከተማ ፕላን ማጥናት አያስፈልግም፤ መንገደኛው ከሚወርድበት ቦታ አጠገብ ነው። መጀመሪያ በለገሀር፣ ኋላ በመርካቶ በአውቶቡስ ተራ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ መናኸሪያዎቹ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ ላምበረት፣ ወደ አስኮና ወደ አየር ጤና ሲወጡ ቤርጎውም ተከትሏቸው ወጣ። ፊት ለፊቱ ቡና ቤት ነው፤ ጓሮው በተርታ የተሠሩ ጠባብ ክፍሎች አሉት፤ በአንዱ ግድግዳ ሙዚቃው፣ በሌላው የሰው ጠብ ይሰማል። ርካሽነቱ የመጣው ከዚሁ ነው። ባለቤቱ ትርፉን የሚያገኘው ከመጠጡ ስለ ሆነ አልጋውን በቅናሽ ይሰጣል፤ እንቅልፍ የሚፈልግ ሰው ለእንቅልፉ ሌላ ዋጋ ይከፍላል።

ብልህ ባለጉዳይ ይህን ሁሉ ያውቅበታል። አልጋውን ሳያይና ዋጋውን ሳይቆርጥ ዕቃውን አያስቀምጥም። ምሳውን በትልቁ ጎዳና ላይ አይበላም፤ የጎዳናው ኪራይ ከሳህኑ ውስጥ እንደሚከፈል ያውቃልና አንድ መንገድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የቀን ሠራተኞችና ሹፌሮች የሚበሉበትን ፈልጎ እዚያ ይቀመጣል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ጊዜ፣ ሽሮውና በያይነቱ ለሁሉም አቅም ይሆናል። እስላም ከሆነ ሥጋው የታረደበትን እጅ ጠይቆ፣ ክርስቲያንም እንዲሁ ጠይቆ ይገባል፤ ለዚህም ነው በመርካቶ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ምግብ ቤት ጎን ለጎን የምናገኘው። ሁለቱም ባንድ ሒሳብ ይስማማሉ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ከበዛ ወጡ አላደረም ማለት ነው።

የዘመድ ቤትስ? እርሱማ ያው እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ ከዚያ ወዲያ ብረት ነው የተባለው ነው። በከተማ በደመወዝ የሚኖር ሰው ያገሩን ሰው ሲቀበል ከወሩ ቀለብ ላይ ነው የሚያካፍለው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ይህን በቤታችሁ አይታችሁታል።

ስለ ትልልቆቹ ሆቴሎች ብዙ አልልም። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት ከተማይቱ ለመሪዎችና ለልዑካን የሚሆን ማደሪያ አስፈለጋት፤ ሠራችም። ሒልተንም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከፈተ። እነዚህ ቤቶች ለአገር ክብር አስፈላጊ ነበሩ፤ ከባለጉዳያችን ታሪክ ጋር ግን የሚገናኙት እርሱ በደጃቸው ሲያልፍ ብቻ ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ቤት ማከራየት ለግለሰብ ተከለከለ፤ አነስተኛ ኪራይ የሚከፈልባቸው ቤቶች ወደ ቀበሌ፣ ትልልቆቹም ሆቴሎች ወደ መንግሥት ገቡ። ለተከራዩ ሰው የኪራይ ቅናሽ ነበርና ደስ አለው። ከገጠር የሚመጣው እንግዳ ግን በጓሮ ክፍል አከራይታ የምታሳድረውን ሴትዮ በሕግ አጣት፤ ዘመድ ዘንድ መሄድ ግድ ሆነበት። በዘመዱም ቤት ሌላ ነገር ጠበቀው፤ ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ እህሉ ከቀበሌ ሱቅ በካርድ የሚሰጥ በመጠን የተቆረጠ ነበር። በካርዱ ላይ የቤተ ሰቡ ቁጥር ተጽፏል፤ እንግዳው አልተጻፈም። ሁለት ሳምንት የተቀመጠ እንግዳ የልጆቹን ስኳር ጠጥቶ ሄደ ማለት ነው። ሰዓት እላፊም በታወጀበት ጊዜ የሚያድርበትን ሳያገኝ የመሸበት ሰው የሚያሰጋው ብርዱ ብቻ አልነበረም።

በዘመናችን የአልጋ እጥረት የለም፤ ፔንሲዮኑ በየመንደሩ ሞልቷል። እጥረቱ የገንዘቡ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ለሰበር ችሎት ቀጠሮ፣ ለመሬት ካርታ፣ ለጡረታ መብት ሲመላለስ፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የዳኝነቱ ገንዘብና የቴምብሩ ዋጋ ነው። ከዚያ የሚበልጠው የአልጋና የምግቡ ወጪ የትም አይመዘገብም። ዓርብ ከቀትር በኋላ «ሰኞ ተመለስ» የተባለ ሰው ሦስት ሌሊት ያድራል፤ ስድስት ጊዜ ይበላል፤ አገሩ ሄዶ እንዳይመለስ የመሳፈሪያው ዋጋ ከዚህ ይበልጥበታል። ተከራካሪው የከተማ ሰው ከሆነ ደግሞ ቀጠሮው በተራዘመ ቁጥር እርሱ በገዛ አልጋው ተኝቶ ያሸንፋል። ሙግቱን በፍሬ ነገሩ ሳይሆን በአልጋ ኪራይ የተሸነፈ ሰው ስንት እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ስለሌለ፣ ፋይሉ «ባለጉዳዩ ስላልቀረበ ተዘግቷል» ብሎ ያርፋል።

ከሁሉም የሚያሳስበው የሕሙማኑ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ሁሉ የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ሕክምናው በየቀኑ እየተመላለሱ ለሳምንታት የሚወስዱት እንጂ ባንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ተራውን መጠበቁም ወራት የሚፈጅበት ጊዜ ነበር። ሕመምተኛው ሆስፒታል ውስጥ የሚተኛበት አልጋ ባያገኝ ከተማ ውስጥ አልጋ መከራየት አለበት፤ አብሮት የመጣው አስታማሚም እንዲሁ። በሬ ሸጠው የመጡ ሰዎች የበሬው ገንዘብ ለመድኃኒት ሳይደርስ በቤርጎ አለቀባቸው። ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ማደሪያና ምግብ የሚሰጡ የበጎ አድራጎት ማኅበራት የተነሡት ይህን አይተው ነው፤ የጨረር ሕክምናውም በኋላ በሌሎች ከተሞች መጀመሩ የሐኪም ቤት ወሬ ብቻ ሳይሆን የማደሪያም ወሬ ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በክልል ያለ ባለጉዳይ ካለበት ሆኖ በምስል እንዲሟገት ማድረግ ሲጀምር፣ ከደጃች ውቤ ሰፈር ዘመን ጀምሮ የቆየውን የስልቻውን ችግር ለጥቂቱ ሰው አቀለለት።

የእቴጌ ሆቴል ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በተነሣ እሳት ከፊሉ ተቃጥሎ ነበር። ታድሶ እንደገና እንግዳ ተቀብሏል። በረንዳው ላይ ምሳ የሚበላ ሰው ዛሬ ማንም ሳይጋብዘው ገብቶ፣ በልቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል።